ዋጋው አንዴ አዲስ አንዴ አሮጌ ለሚያሳይሽ፦ የጃንጎ ካሽ እና የኢምፖርት ጉዳይ

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ ላለ የእቃ ማከፋፈያ በጃንጎ (በፓይተን የተሰራ የዌብ መስሪያ) የዋጋ ሲስተም ሰርተሻል፣ ሰርቨሩ እዛው መጋዘኑ ጀርባ ያለች ትንሽ ማሽን ናት፣ ኮዱን የሚያስነሳው ጉኒኮርን የሚባለው ፕሮግራም በ3 ወርከር (ሰራተኛ ፕሮሰስ) ይሮጣል። ዋጋ ከአድሚን ትቀይሪና ሪፍሬሽ ስታደርጊ አዲሱ ይመጣል፣ ድጋሚ ስታደርጊ አሮጌው፣ ከዛ ደሞ አዲሱ። አንዳንድ እቃ ላይ ጭራሽ አይቀየርም። ላፕቶፕሽ ላይ ግን ሰላም ነው። ሬዲስ (ካሽ የሚያስቀምጥ ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም) አስገባሽ ለውጥ የለም፣ የፓይካሽ ፎልደሮቹን (ፓይተን የተዘጋጀ ኮድ የሚያስቀምጥባቸውን) ሁሉ አጠፋሽ ለውጥ የለም። ከዛ በፊት «ኖ ሞጁል ኔምድ ፕራይስካሽ» (ፕራይስካሽ የሚባል ሞጁል፣ ማለትም የፓይተን ፋይል፣ አልተገኘም) የሚል ኤረር ነበረብሽ፣ ሰው በነገረሽ መሰረት ሴቲንግ ፋይሉ ላይ አንድ የፓዝ (ፓይተን ሞጁል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) መስመር ጨምረሽ ጠፋልሽ፣ አሁን ደሞ ፋይሎቹን ላስተካክል ስትዪ «ፓርሻሊ ኢኒሻላይዝድ ሞጁል» (ተጭኖ ያላለቀ ሞጁል) የሚል መጣ። መጨረሻ ላይ ደሞ እንደ ጨዋታ አንድ ነገር ጣል አርገሻል፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ለትንሽ ጊዜ ይስተካከላል» ብለሽ።

እኔን የያዘችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ከኤረሮቹ ሁሉ በላይ ብዙ የነገረችኝ እሷ ናት። ሬዲስ እንዳለ ከተጫነ ዳታውን በየተወሰነ ጊዜ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከዲስኩ አንብቦ ይዞት ይነሳል። አሮጌው ዋጋ የተቀመጠው ሬዲስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ ሙልጭ ብሎ አይጠፋም ነበር። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ንጹህ የሚሆን ነገር የፓይተን ፕሮሰሱ ራሱ ሜሞሪ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚ ሬዲስሽን ተይው፣ አሮጌው ዋጋ የሚመጣው ከሱ አይደለም። (ካሽ ስል ብሩን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ የሱቅ ሲስተም ስለሆነ ባለቤቱ ጋር ስታወሪ ይሄ ቃል ያምታታል፣ እኔ ለባለቤቶች «ጊዜያዊ ማስታወሻ» ነው የምለው።)

ዋናውን ነገር አሁኑኑ ልናገር፣ ከዛ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። አንቺ አንድ ነው ብለሽ የምታስቢው የዋጋ ማስታወሻ አንድ አይደለም። ብዙ ቅጂ አለው፣ እና በሁለት ፍጹም በተለያየ ምክንያት ነው የበዛው። አንዱ ምክንያት ወርከሮቹ ናቸው፣ ሌላው ያቺ የፓዝ መስመር ናት። ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ ነው አንዱን ስትነኪ ሌላው የሚሸፍንብሽ፣ እና ምንም ብሞክር ለውጥ የለም ያስባለሽ።

መጀመሪያ ወርከሮቹ። ጉኒኮርን ሲነሳ አንድ አለቃ ፕሮሰስ ይነሳና 3ቱን ወርከር ይወልዳል። እነዚህ 3ቱ ለየብቻ የሚሮጡ ፕሮሰሶች ናቸው፣ ሜሞሪያቸው አይገናኝም። ከፊራ ላይ ሶስት ሻጭ ያለው ሱቅ አስቢ፣ ሶስቱም ዋጋ የሚጽፉበት የየራሳቸው ደብተር ኪሳቸው ውስጥ አለ። ባለቤቱ ለአንዱ ብቻ «ዘይት ጨምሯል» ብሎ ሄደ። ደንበኛ ሲመጣ የሚያስተናግደው ያልተያዘው ሻጭ ነው፣ እንደ እድሉ አዲሱን ወይ አሮጌውን ይሰማል። ያንቺም ሪፍሬሽ እንደዛ ነው፣ የትኛው ወርከር ጋር እንደምትደርሺ አታውቂም። ፕራይስካሽ ፋይልሽ ላይ ከላይ «ፕራይስስ» ብለሽ የከፈትሽው ባዶ ዲክሽነሪ በየወርከሩ ኪስ ያለው ደብተር ማለት እሱ ነው። የላክሽው ጌት_ፕራይስ ፈንክሽን ደሞ መጀመሪያ የሚያየው ዲክሽነሪውን ነው፣ እዛ ካጣ ነው ወደ ሬዲስ የሚሄደው፣ ዋጋው አንዴ ዲክሽነሪው ውስጥ ከገባ በኋላ ሬዲስን ማን ይጠይቀዋል? ሬዲስ የጨመርሽው ከደብተሩ ኋላ ነው፣ ደብተሩ ግን አልተነሳም።

ፈንክሽን ላይ ኤልአርዩ_ካሽ የሚባለውን ዲኮሬተር የምትጠቀሙም ጉዳዩ ይኸው ነው፣ እሱም በየፕሮሰሱ ነው፣ ካልነገርሽው 128 ውጤት ይይዛል፣ በጊዜ ደሞ አያልፍበትም። ዋጋ ላይ ባታደርጉት ነው የምመክረው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያልፋት ሌላ ነገር አለች። ጃንጎ ላይ ካሽስ የሚለውን ሴቲንግ ካልሞላሽ ጃንጎ ምንም አይልሽም፣ ኤረር የለም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ብሎ ሎክሜም የሚባለውን ይጠቀማል፣ እሱም በየፕሮሰሱ ሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ካልቀየርሽው አንድ ነገር የሚቆየው 300 ሰከንድ ነው፣ የሚይዘውም እስከ 300 ነገር ነው። ስለዚ ሬዲሱን የጻፍሽው የላፕቶፑ ሴቲንግ ፋይል ላይ ሆኖ ሰርቨሩ ደሞ ሌላ የሴቲንግ ፋይል የሚያነብ ከሆነ፣ አንቺ ሬዲስ ላይ ነኝ ትያለሽ ሰርቨሩ ግን ሎክሜም ላይ ነው። ይሄን በግምት አትለፊው፣ አንድ ጊዜያዊ ቪው (ለአንድ ገጽ መልስ የሚሰጥ ፈንክሽን) ጻፊና ሴቲንግስ.ካሽስ ምን እንደያዘ ራሱ ዌብ ፕሮሰሱ ያሳይሽ። ከሼል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) አትዪው፣ ሼሉ ሌላ ፕሮሰስ ነው፣ ሌላ ሴቲንግ ሊያነብ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ሰርቨሩ ላይ ሼል ከፍተሽ «ካሽ.ክሊር» ስትዪ ሎክሜም ከሆነ ያጠፋሽው የሼሉን የራሱን ብቻ ነው፣ ወርከሮቹ አልሰሙሽም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ፣ እኔ የበለጠ የምፈራው እሱን ነው ምክንያቱም ወርከሩን 1 ብታደርጊውም አይጠፋም።

ሐረር ጁገል የገባ ሰው ያውቃል፣ በሮቹ ከአንድ በላይ ስም አላቸው። ፈላና በር የምንለውን ሐረሪዎቹ አሱም በሪ ይሉታል። ስሙ ሁለት ቢሆንም በሩ አንድ ነው፣ በየትኛውም ስም ጠይቀሽ ብትሄጂ እዛው ነው የምትደርሺው። ፓይተን ግን እንደዛ አይደለም። ፓይተን ሞጁል ሲጫን ሲስ.ሞጁልስ የሚባል መዝገብ ላይ በስሙ ይመዘግበዋል፣ ሁለተኛ ጊዜ ኢምፖርት ስትዪ ፋይሉን ድጋሚ አያነብም፣ ከመዝገቡ በስሙ አውጥቶ ይሰጥሻል። ልብ በይ፣ በስሙ ነው እንጂ በፋይሉ አይደለም። አንድ ፋይል በሁለት ስም ከተጠራ ሁለቴ ይነበባል፣ ሁለት ሞጁል ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ዲክሽነሪም ሁለት ይሆናል። አሱም በሪ ብሎ የጠየቀ አንድ በር ይሰራለታል፣ ፈላና በር ያለ ደሞ ሌላ አዲስ በር ይሰራለታል ማለት ነው።

ያቺ ሴቲንግ ላይ የጨመርሻት የፓዝ መስመር ያደረገችው ይሄንን ነው። የፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ድሮም ፓዝ ላይ አለ፣ በሱ በኩል ፋይልሽ «ሾፕ.ፕራይስካሽ» ይባላል። አንቺ ደሞ የሾፕን ፎልደር ራሱን ፓዝ ላይ ስትጨምሪ ያው ፋይል «ፕራይስካሽ» ተብሎ በአጭሩም ይገኛል። የላክሽውን ኮድ አየሁት፣ ቪውሶቹ ላይ በሙሉ ስሙ ነው ኢምፖርት ያደረግሽው፣ ሲግናልስ (ዳታ ሲቀየር ራሱ የሚነሳ ኮድ ያለበት) ፋይል ላይ ግን በአጭሩ ነው። ስለዚ ቪውሽ ከአንዱ ዲክሽነሪ ያነባል፣ ዋጋ ሲቀየር ሲግናሉ ተነስቶ የሚያጸዳው ሌላኛውን ነው፣ ማንም የማያነበውን ባዶ ዲክሽነሪ በየቀኑ እያጸዳ ነው። አንዳንዱ እቃ ጭራሽ የማይቀየረው ለዚህ ነው፣ 3ቱም ወርከር አሮጌውን ዋጋ አስቀድመው ይዘውታል፣ የሚያጸዳላቸው የለም። አንዴ አዲስ አንዴ አሮጌ የሚሆነው እቃ ደሞ አንዱ ወርከር ከለውጡ በፊት ያነበበው ሌላው ወርከር ከለውጡ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ነው።

ላፕቶፑ ላይ ለምን ሰላም ሆነ? ላፕቶፑ ላይም ስህተቱ አለ፣ ግን ራንሰርቨር (የጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር) ኮድ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሁለቱም ቅጂዎች ባዶ ሆነው ይነሳሉ። ድሬ ላይ መብራት የሚሰራልሽን ስራ ላፕቶፕሽ ላይ ሴቭ እየሰራልሽ ነው። እስኪ ኮድ ሳትነኪ ዋጋ ሶስት አራቴ ከአድሚን ብቻ ቀይሪና እዪው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ እኔ ከማንኛውም ዲበገር በፊት የማደርገው ይሄንን ነው። ሁለት ቦታ ላይ፣ ዋጋ የሚነበብበት እና ዋጋ የሚጸዳበት፣ ሎግ (የፕሮግራሙ የስራ መዝገብ) ላይ አራት ነገር የምትጽፍ አንድ መስመር ጨምሪ፦ የፕሮሰሱን ቁጥር ከኦኤስ.ጌትፒድ፣ ዲክሽነሪውን የያዘውን ሞጁል ስም፣ የዛኑ ሞጁል ፋይል ሙሉ አድራሻ፣ እና የዲክሽነሪውን አይዲ (ፓይተን ለየነገሩ የሚሰጠው መለያ ቁጥር)። ስሙን እና አድራሻውን ከራሱ ከፕራይስካሽ ሞጁል ኔም እና ፋይል ከሚባሉት ውሰጂ እንጂ ሎጉን የጻፍሽበትን ፋይል ስም እንዳትጽፊ፣ እሱ ምንም አይነግርሽም። ከዛ ዋጋ ቀይሪ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ሪፍሬሽ አድርጊ፣ ሎጉን አንብቢ።

የፕሮሰሱ ቁጥር አንድ ሆኖ አይዲው ከተለያየ ሁለት ቅጂ ሞጁል አለሽ፣ ስሙንም ስታዪ አንዱ ሙሉ አንዱ አጭር ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ የፋይሉ አድራሻ ግን አንድ ነው። የፕሮሰሱ ቁጥር ከተለያየ የወርከር ጉዳይ ነው። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ በደንብ ያዢው፦ አይዲን በሁለት የተለያየ ፕሮሰስ መሃል አታወዳድሪ። ጉኒኮርን በፕሪሎድ ከተነሳ ኮዱ አለቃው ላይ አንዴ ተጭኖ ነው ወርከሮቹ የሚወለዱት፣ ስለዚ 3ቱም ወርከር ላይ አይዲው ቁርጥ አንድ አይነት ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ማንኛውም ወርከር ሲጽፍበት የራሱን ቅጂ ነው የሚቀይረው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ዲክሽነሪው የጋራ ነው ብሎ የደመደመ ሰው አይቻለሁ፣ ሁለት ቀን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ከረመ። ሌላው ደሞ ራንሰርቨር ላይ ስትነሺ ፕሪንት ሁለቴ ከታየሽ አትደንግጪ፣ ራንሰርቨር ኮድ የሚከታተል አንድ ፕሮሰስ እና ስራውን የሚሰራ ሌላ ፕሮሰስ ስላለው ነው፣ የፕሮሰስ ቁጥሩን ስታዪ ይለይልሻል።

ጥርጣሬ ከቀረሽ እዛችው ጊዜያዊ ቪው ላይ ሲስ.ሞጁልስ ውስጥ መጨረሻቸው ፕራይስካሽ የሆኑትን ስሞች በሙሉ አውጪ። ከአንድ በላይ ከወጣ ክርክሩ አለቀ።

ይሄን ያህል አጥብቄ የምነግርሽ እኔ ራሴ ስለከፈልኩበት ነው። ሐረር ውስጥ ለአንድ የመድሃኒት ጅምላ ሻጭ እንዲህ አይነት ነገር ሰርቼ ነበር፣ ሁለት ገንዘብ ተቀባይ አሉ፣ ለአንድ መድሃኒት ሁለት ዋጋ ይወጣላቸዋል። ሰው መድሃኒት ሊገዛ ቆሞ አንዱ መስኮት ላይ ሌላ ዋጋ ሌላው መስኮት ላይ ሌላ ዋጋ ሲባል ሌብነት ነው የሚመስለው፣ ልጆቹ በደንበኛ ፊት ተሰደቡ፣ አንዷ ልጅ ልዩነቱን ከደሞዟ እንድትከፍል ሁሉ ተጠይቃ ነበር እና ጥፋቱ የኔ ኮድ ነበር። ሶስት ሌሊት የፓይካሽ ፎልደር እያጠፋሁ ሰርቨር እያስነሳሁ አደርኩ፣ ስለተነሳ ብቻ ጠዋት ላይ ደህና ይሆናል፣ ከሰአት ይመለሳል። በአራተኛው ቀን የፕሮሰሱን ቁጥር እና የሞጁሉን ስም ሎግ ላይ ስጽፈው በአስር ደቂቃ ታየኝ። ለልጅቷ ባለቤቱ ፊት ሄጄ ሎጉን አሳይቼ ነው ነጻ ያወጣኋት። ከዛ ወዲህ ዋጋ የሚነካ ሲስተም ላይ ይቺን መስመር ሳላስገባ ስራ አላስረክብም።

የፓይካሽ ነገር ከተነሳ፣ ፎልደሩን ማጥፋት ብዙ ቦታ እንደ መድሃኒት ይመከራል። ፓይተን እዛ የሚያስቀምጠው የተዘጋጀ ኮድ ነው እንጂ ያንቺ ዳታ አይደለም፣ ዋናው ፋይል የተቀየረበትን ሰአት እና መጠኑን አመሳክሮ ካልገጠመ ራሱ ድጋሚ ያዘጋጃል። በድሮው ፓይተን 2 ጊዜ ዋናው ፋይል ተሰርዞ የተዘጋጀው ብቻ ሲቀር እሱን የመጫን ጣጣ ነበር፣ ከፓይተን 3.2 ጀምሮ ግን ለብቻው በፎልደሩ ስለተቀመጠ ዋናው ፋይል ከሌለ እሱን አይጭንም። ስሙ ካሽ ስለሚል ብቻ ነው ሰው እዛ የሚሄደው።

እሺ ወደ ማስተካከሉ። ቅደም ተከተሉን አትለውጪው፣ መጀመሪያ ስሙ ከዛ ካሹ።

ያቺን የፓዝ መስመር አጥፊያት። ስታጠፊያት ያ «ኖ ሞጁል ኔምድ ፕራይስካሽ» የሚለው ኤረር ይመለሳል፣ ይመለስ፣ እየጠቆመሽ ነው፣ በአጭር ስም የጠራሽበትን እያንዳንዱን ቦታ አንድ በአንድ ያሳይሻል። እያንዳንዱን ወደ «ሾፕ.ፕራይስካሽ» ቀይሪ። ኤረሩ መጀመሪያ የመጣው ከየት መሰለሽ፣ ሌሊት በክሮን (በተወሰነ ሰአት ፕሮግራም የሚያስነሳ) ከሚነሳው ዋጋ አዳሽ ስክሪፕትሽ ነው። ፓይተንን የፋይል አድራሻ ሰጥተሽ ስታስነሺው ፓዝ ላይ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ነው እንጂ አንቺ የቆምሽበትን አይደለም፣ ስክሪፕቱ ሾፕ ፎልደር ውስጥ ስላለ አጭሩ ስም ለሱ ይሰራል፣ ሙሉው ስም አይሰራም። አንቺ ለሱ ብለሽ በአጭሩ ጻፍሽ፣ ከዛ ዌቡ እምቢ አለ፣ ከዛ የፓዝ መስመር መጣች። መፍትሄው ስክሪፕቱን የጃንጎ ማኔጅመንት ኮማንድ ማድረግ ነው፣ ሾፕ ውስጥ ማኔጅመንት፣ እሱ ውስጥ ኮማንድስ የሚል ፎልደር ከፍተሽ እዛ አስገቢው፣ ክሮኑም ማኔጅ.ፓይን በሙሉ አድራሻ ይጥራው። ያኔ ስሙ በሁሉም ቦታ አንድ ይሆናል።

አሁን «ፓርሻሊ ኢኒሻላይዝድ» የሚለው። ይሄ መልእክት ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ነው እንዲህ ግልጽ ሆኖ የመጣው፣ መጨረሻው ላይም ሰርኩላር ኢምፖርት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ራሱ ይነግርሻል። ፓይተን ፋይል ማንበብ ሲጀምር ገና ሳይጨርስ ነው መዝገቡ ላይ ስሙን የሚያስገባው። ሰርቪስስ ፋይልሽ ከላይ ሲጀምር ፕራይስካሽን ይጠራል፣ ፕራይስካሽ ደሞ ከላይ ሲጀምር ከሰርቪስስ ኮምፒውት_ፕራይስ የሚለውን ፈንክሽን ስጠኝ ይላል፣ ሰርቪስስ ግን ገና የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ፈንክሽኑ ገና አልተጻፈም። እንግዳ ተቀባዩ እንግዳውን፣ እንግዳው ተቀባዩን በር ላይ ቆመው ሲጠባበቁ ማለት ነው።

ኢምፖርቱን ወደ ፈንክሽኑ ውስጥ አውርጂው የሚሉሽ አሉ፣ ይሰራል፣ ቸኩለሽ ከሆነ አድርጊው። ያንቺ ግን እሱን አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም ፕራይስካሽ ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ የለበትም። እሱ የሚያውቀው የኪዩን (ካሽ ውስጥ ያለ ነገር የሚፈለግበት መለያ፣ ኪይ) ስም መስራት፣ ማንበብ፣ ማስቀመጥ፣ ማጥፋት፣ በቃ። ሰርቪስስ ይጥራው፣ እሱ ሰርቪስስን አይጥራ። ኢምፖርቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሄድ ኤረሩ መነሻ ያጣል። ሲግናልሱን ደሞ የአፑ ኮንፊግ ውስጥ ሬዲ በሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ኢምፖርት አድርጊ፣ ሞዴሎቹ ሁሉ ተጭነው ካለቁ በኋላ ስለሚጠራ ነው።

ቀጥሎ ዲክሽነሪውን ራሱን አንሺው። «ፕራይስስ» የሚባል ነገር አይኑር፣ የጃንጎን ካሽ ብቻ ተጠቀሚ። ከጃንጎ 4.0 ጀምሮ የሬዲስ ባክኤንድ አብሮ ይመጣል፣ የፓይተኑን የሬዲስ ላይብረሪ ብቻ መጫን ነው፣ አድራሻው ካልቀየርሽው እዛው ማሽን ላይ ፖርት 6379 ነው። ኪይ ፕሪፊክስ ስጪው፣ ነገ ሌላ ሲስተም እዛው ማሽን ላይ ሲጨመር እንዳይደባለቅ። ካሽ.ክሊር የሚለውን ግን ሰርቨር ላይ ተጠንቀቂው፣ ሬዲስ ላይ ሲሆን ያንን የዳታቤዝ ቁጥር በሙሉ ነው የሚያጸዳው፣ ሴሽንሽ እዛው ካለ ሰው ሁሉ ሎግአውት ይሆናል። ሬዲስ ካልተቀየረ ከ0 እስከ 15 ቁጥር ያላቸው 16 ዳታቤዞች አሉት፣ ዋጋውን ለብቻው አንድ ቁጥር ላይ አድርጊው።

እና እዚህ ጋ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሊመጣብሽ ይችላል አስቀድሜ ልንገርሽ። ጃንጎ ሬዲስ ውስጥ ኦብጀክት ሲያስቀምጥ ፒክል አድርጎ (በፓይተን መንገድ ወደ ባይት ቀይሮ) ነው፣ ፒክል ደሞ የክላሱን ሞጁል ስም አብሮ ይጽፋል። በአጭሩ ስም ዘመን የተቀመጠ የራስሽ ክላስ ካለ፣ ስሙን ካስተካከልሽ በኋላ ሲነበብ «ኖ ሞጁል ኔምድ ፕራይስካሽ» ይልሻል፣ ኮዱ ውስጥ አንድም ቦታ ሳይኖር! ከሬዲስ ውስጥ ነው የሚመጣው። ስለዚ ስሙን ያስተካከልሽ ቀን ካሹን አንዴ አጽጂው፣ ወይ ካሽ ሴቲንጉ ላይ ቨርዥን የሚለውን ቁጥር ጨምሪ፣ የድሮዎቹን አያያቸውም። ለወደፊቱ ደሞ ክላስ ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ አስቀምጪ።

ይሄ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም አልፎ አልፎ አሮጌ ዋጋ ሊመለስብሽ የሚችልባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ኮድሽ ላይ አይቻለሁ፣ ሁለቱም የሲግናል ናቸው።

አንደኛው፣ የጃንጎ አድሚን ሴቭ ሲያደርግ በትራንዛክሽን (ለውጦቹ አብረው የሚጸኑበት ወይ አብረው የሚቀሩበት የዳታቤዝ ስራ) ውስጥ ነው። ፖስት_ሴቭ ሲግናሉ የሚነሳው ትራንዛክሽኑ ሳይዘጋ ነው፣ አንቺ እዛ ላይ ካሹን ታጠፊያለሽ፣ በዛችው ቅጽበት ሌላ ወርከር ላይ ደንበኛ ዋጋ ቢጠይቅ ካሹ ባዶ ነው፣ ዳታቤዙን ያያል፣ ዳታቤዙ ላይ አዲሱ ገና አልጸናም፣ አሮጌውን አንብቦ መልሶ ካሽ ያደርገዋል። አንቺ አጥፍተሽ ሳትጨርሺ እሱ መልሶ ጻፈው። ስለዚ ማጥፊያውን ትራንዛክሽን.ኦን_ኮሚት ውስጥ አስገቢው፣ ዳታቤዙ ከጸና በኋላ ይጠራል። ቅጽበቷ ጠባብ ናት፣ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ሁሉም በአንዴ ሲገባ ግን ትመጣለች፣ ሲያጋጥም ደሞ ማንም ሊደግመው የማይችል ችግር ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው የሌሊቱ ክሮን ነው። ዋጋ የምታድሺው በኩዌሪሴት አፕዴት ነው፣ እሱ ፈጣን ነው ግን በቀጥታ ዳታቤዙን ነው የሚቀይረው፣ ሴቭን አይጠራም፣ ፖስት_ሴቭ ሲግናልም አይነሳም። በልክ_አፕዴትም ያው ነው። ስለዚ ሌሊት በተቀየረው ዋጋ ካሽሽ ምንም አልሰማም። ኮማንዱ መጨረሻ ላይ የነካሻቸውን እቃዎች ኪይ ሰብስበሽ በዲሊት_ሜኒ በአንዴ አጥፊያቸው። እንደመሸሸጊያ ደሞ የዋጋ ካሹን እድሜ አሳጥሪው፣ 60 ሰከንድ ለናንተ ስራ ይበቃል፣ የሆነ ነገር ቢያመልጥሽ እንኳ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም።

ወርከሩን 1 አድርጊው ብሎ የመከረሽ ልጅ ለፈተና ከሆነ ልክ ነው፣ ለመፍትሄ ከሆነ አይደለም። ለፈተና ግን አሁኑኑ ምንም ሳትነኪ ሞክሪው፣ 1 ወርከር ላይ አንዴ አዲስ አንዴ አሮጌው መቆም አለበት፣ ጭራሽ የማይቀየረው እቃ ግን እንዳለ ይቀራል። እንደዛ ከሆነ ያልኩሽ ሁለቱም ናቸው ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ከቀጠሉ ግን ኤንጅንኤክሱ (ከጉኒኮርን ፊት ያለው ዌብ ሰርቨር) ወይ ብራውዘሩ የራሱን ካሽ መያዙን እይልኝ፣ ከርል በሚባለው የትእዛዝ መሳሪያ በቀጥታ ጉኒኮርኑን ጠይቀሽ መልሱ ከተለየ እዛ ነው።

ዛሬ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሎጓን ብቻ አስገቢ፣ ሌላ ምንም አትቀይሪ። ነገ ከሰአት ድረስ ትስራ፣ ከዛ ከሎጉ ሃያ መስመር ያህል እዚሁ ለጥፊልኝ፣ በተለይ ዋጋ የተቀየረበትን ሰአት በፊት እና በኋላ ያሉትን፣ የደንበኛ ስም ካለ አውጪው። የሲግናሉ መስመር ላይ የሞጁሉ ስም አጭሩ ሆኖ ከመጣ ሲግናልስ ፋይሉን አብረን መስመር በመስመር እናስተካክለዋለን።